ለርቢ የተሰጠው ኮምፒውተር

ከሁሉ አስቀድሜ፣ መርሳ ከተማ በአቶ አብዱልሐሊም ሳሎን ውስጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለተካሄደው የኮምፒውተር መረጃ የማዳን ታላቅ ሥራ ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። አድናቆቱን የምገልጸው የሥራው ጸሐፊ ሆኜ ነው። አዳነ እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የአቶ አብዱልሐሊም የአጥር ጎረቤት ነኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጄ የጠፋ ወረቀት የለም፤ ተፈልጎ ያልተገኘ ግን አለ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል።

የአቶ አብዱልሐሊም የቤት ኮምፒውተር አርጅቶ ነበር። ጠዋት ቢከፍቱት ቁርስ ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ ጎረቤት ተጠይቆ ነው ፊቱ የሚበራው። ልጃቸው ፈይሩዝ ግን ሌላ አልነበራትም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በዚሁ ኮምፒውተር ነው። ጽሑፉ ስለ ብርቱካን በሽታ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከአንዱ ገበሬ ጓሮ ወደ ሌላው ስትዞር፣ ስትጠይቅ፣ ቅጠል ስትለቅም ከርማ አምስት ምዕራፍ አድርጋዋለች፤ አምስቱም ለየብቻ ነው የተቀመጡት። የያዘችውን ፍላሽ ማተሚያ ቤት ቫይረስ በልቶባት ስለነበር፣ ጽሑፉ ከዚያ ኮምፒውተር በቀር የትም አልነበረም። ማስረከቢያው ደግሞ የሚቀጥለው ሰኞ ነው። ሰኞ ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ አንድ ዓመት ትጠብቃለች።

ዋናው መንገድ ዳር ኮምፒውተርና ሞባይል የሚጠግነው ናትናኤል እሑድ መጥቶ አየውና ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫን አለበት አለ። ሲጫን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የምትፈልጉትን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ጠብቁኝ፣ ሐሙስ ጠዋት መጥቼ እጭነዋለሁ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብሎ ሄደ። ፈይሩዝም አዲስ ፍላሽ ይዛ፣ አሁኑኑ ልገልብጠው ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ በዚህ መንገድ ቢሄድ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ደግነቱ አባቷ ቤት ነበሩ።

አቶ አብዱልሐሊም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሰብሳቢ ነበሩ። የምን ሰብሳቢ እንደነበሩ እሳቸውም ቁርጥ አድርገው አይናገሩም፤ ብቻ ሰብሳቢ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድም ስብሰባ ስላልመሩ ሰውነታቸው ከስቶ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ነበር። የልጃቸውን እጅ ከማውሱ ላይ አስነሡና፣ ይህ የቤተሰብ ሀብት ነው፣ አሠራር ሳይበጅለት ማንም አይነካውም አሉ። ወዲያው ፊታቸው ወዛ።

ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ራሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ፣ አባል ደግሞ ከግራና የተጠሩት ታላቅ ወንድማቸው አያ አቡበከር፤ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የፈይሩዝ ጉዳይ በጥልቀት ታየ። ሊድን የታሰበው ጽሑፍ የራሷ በመሆኑ የጥቅም ግጭት እንዳለባት ግንዛቤ ተወሰደ። ስለዚህ ያለ ድምፅ ተሳታፊ እንድትሆን፣ የጽሑፉ ነገር በሚነሣበት ጊዜ ግን ከሳሎኑ እንድትወጣ አቅጣጫ ተቀመጠ። ከጽሑፉ ሌላ የሚነሣ ነገር ስላልነበረ ልጅቷ ሦስቱን ቀን በረንዳ ላይ ዋለች። በመካከሉ ማንም ሾልኮ እንዳይገለብጥ የፍላሽ መሰኪያው ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ ሦስታችን ፈረምንበት።

እናቷ ወይዘሮ ዓቢዳ ብቅ ብለው፣ ልጅቷ እኮ የጠየቀችው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው አሉ። አስተያየታቸው ገንቢ መሆኑ ተጠቅሶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

የሰኞው ስብሰባ ስለ መረጃ ጠቀሜታ የመክፈቻ ንግግር ተደርጎ በስኬት ተጠናቀቀ። ማክሰኞ የሰኞው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ፣ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ተጨምሮበት ጸደቀ። ታሪክ የተሠራው ረቡዕ ነው።

አያ አቡበከር ሁለት ቀን ሙሉ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ዝም ብለው ነበር የሰነበቱት። ረቡዕ ዕለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደው ሀብት ሀብት ስትሉ ሰማሁ» አሉ። «ሀብት ከሆነ የምናውቀው ነገር ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያን ሁሉ ከብት ይዘው አንድ ቀን አንድ በረት አሳድረውት አያውቁም። ጥቂቱ ግራና፣ ጥቂቱ ውርጌሳ፣ ጥቂቱ ቆላ። በሽታ አንዱን መንደር ቢጨርስ ሌላው ይተርፋል። ይኼንንም በርቢ መስጠት ነው።»

ርቢን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ላምህን ዘመድ ቤት ታሳድራለህ፤ ወተቱ የጠባቂው ነው፣ ጥጃው ለሁለት ይካፈላል፣ ላሟ ግን ያንተ ናት። በወረዳችን በሐብሩ ስንት ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመ ደንብ ነው። ደንቡ ለላም ብቻ ነው የሚል አንቀጽ የለውም፤ ሰብሳቢያችን ይህን ወዲያው አስተዋሉ። ሐሳቡ የአገር በቀል ዕውቀትንና ዘመናዊ ቴክኖሎጂን ያቀናጀ ነው ብለው ቆመው አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጭብጨባውን በረንዳ ላይ የሰማችው ፈይሩዝ ሥራው ያለቀ መስሏት አልሐምዱሊላህ ብላለች።

አንድ ጥያቄ ግን አነሣሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያለ ጥያቄ ባዶ ይመስላል። ጽሑፉ ለዘመድ የሚሰጠው ኮፒ ተደርጎ ነው ወይስ ከኮምፒውተሩ ተቆርጦ? ናትናኤል ኮፒ አድርጉ ነው ያለው። አያ አቡበከር በትዕግሥት አዩኝ።

«አዳነ፣ ለርቢ የሰጠሃት ላም በረትህ ውስጥ አለች?»

«የለችም።»

«ሁለት ቤት የምትቆጠር ላም አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ» ብለው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ሰብሳቢው ደግሞ አንድን ንብረት ሁለት ቦታ መመዝገብ በመሥሪያ ቤታቸው ስንቱን ሰው እንዳስጠየቀ አስታወሱን። በመሆኑም ኮፒ ማድረግ ሐሰተኛ ቆጠራ መሆኑ ታምኖበት፣ ጽሑፉ እየተቆረጠ እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉውን ለአንድ ዘመድ መስጠት ሌላውን ማስቀየም ስለሆነ በየምዕራፉ ተደለደለ። ምዕራፍ አንድና ሁለት ለአያ አቡበከር፣ ግራና። ምዕራፍ ሦስት ለእኅታቸው ለወይዘሮ ቶይባ፣ ውርጌሳ። ምዕራፍ አራት፣ ፈይሩዝ ከገበሬዎቹ ያገኘችው ውጤት በሙሉ ያለበት፣ ያለ እሱ ጽሑፉ ጽሑፍ የማይሆንበት፣ በመዝገብ ቤት ልምዴ ምክንያት ለእኔ። ምዕራፍ አምስት ወልድያ ባጃጅ ለሚነዳው ለአያ አቡበከር ልጅ ለዓሪፍ። ዓሪፍ በዓመት ሦስት ስልክ የሚጥል ልጅ ስለሆነ ኮሚቴው በእሱ ላይ ያለውን ሥጋት በጽሑፍ አስፍሯል፤ የሰጠነው ቅር እንዳይለው ብለን ነው።

ፕላስተሩ በሦስታችን ፊት ተነሣ። አያ አቡበከር ቢስሚላህ አሉ፣ ሰብሳቢው ቆረጡ፣ እኔ መዘገብኩ። አምስቱ ምዕራፎች በአራት ፍላሽ፣ አራቱ ፍላሾች በአራት ፖስታ ሆነው ሲያበቁ ፈይሩዝ ተጠራች። የውርጌሳውና የወልድያው ፖስታ ለሚኒባስ ሾፌር ተሰጥቶ ሄዶ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍታ ጽሑፏ የነበረበትን ቦታ አየች፤ ባዶ ነው።

«አባ፣ እዚህ የነበረውስ?»

«ለርቢ ወጥቷል» አሉ ሰብሳቢው። «ከተጫነ በኋላ በርክክብ ይመለሳል።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ዱዓ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ናትናኤል መጣ። ሰብሳቢው የሦስቱን ቀን ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡለት፤ እሱም ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ሰማ። ከሰማው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ያዘ።

«ቆርጣችሁ ነው ያወጣችሁት?»

«በደንቡ መሠረት።»

«እንግዲያ ሳልጭነው በፊት የተቆረጠውን ፈልጌ ላውጣው። አሁን ከሆነ ይገኛል፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። ከጫንኩ በኋላ ግን የለም።»

«አባ፣ ይፈልግ በሉት» አለች ፈይሩዝ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተያዘው መጫን ነው፤ ፍለጋ የሚባል አጀንዳ የለም። በዚያ ላይ ዕቃው በታመነ ዘመድ እጅ እያለ ፍለጋ መጀመር ዘመድን መጠርጠር ይሆናል፤ ይህ ነገር ውርጌሳ ቢሰማ ምን ይባላል? ናትናኤል ፈይሩዝን አየ፣ ፈይሩዝ እናቷን አየች፣ ወይዘሮ ዓቢዳ ጣራውን አዩ። ኮምፒውተሩ በግማሽ ሰዓት እንደ አዲስ ተጫነ። በእውነት ፈጣን ሆነ፤ የሚያዘገየው ነገር ውስጡ አልነበረም።

የመሰብሰቡ ሥራ ዓርብ ተጀመረ። ፈይሩዝ ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ተዋሰች፤ እኔም ርክክቡን የሚመዘግብ ሰው ስላስፈለገ አብሬያት ወጣሁ። አያ አቡበከር ቀድመውን ግራና ገብተው ነበር። ፍላሹ ከእጀ ጠባባቸው የውስጥ ኪስ አንድ ጊዜም አልወጣም። ሆኖም ለርቢ የተሰጠ በምስክር ፊት ነው የሚመለሰው። ከጁምዓ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ አያ አቡበከርም ጥያቄያቸውን አቀረቡ።

«ሁለት ሌሊት እኔ ዘንድ አድራለች። ምን ወለደች?»

«ኧረ አያ፣ ጽሑፍ ምን ይወልዳል?» አለች ፈይሩዝ።

«ይወልዳል እንጂ። ያ ጠጋኙ ልጅ ኮፒ ኮፒ የሚለው ምኑን ነው ታዲያ?»

እኔ በልቤ፣ በአራት ቀን ስብሰባ ውስጥ ትክክለኛ ነገር የተነገረው ዛሬ ግራና ላይ ነው አልኩ፤ ለመመዝገብ ግን ከስብሰባ ውጭ ነበር። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ በጥጃው ፋንታ የአያ አቡበከር ስም በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ እንዲሰፍር ፈረዱ። ምዕራፍ አንድና ሁለት በሰላም ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ውርጌሳ ደረስን። ወይዘሮ ቶይባ ፍላሹን ከሣጥን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡን። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ የሚታየው መንዙማ ብቻ ሆነ። ልጃቸው ሰክታ አይታው ውስጡ ባዶ ሊሆን ምንም እንዳልቀረው ብትነግራቸው ክፉኛ ደንግጠው ኖሯል። የጎረቤት ሳህን እንኳ ባዶውን አይመለስም፤ የገዛ ወንድማቸው ዕቃ እንዴት ባዶውን ይመለሳል? ስለዚህ እስኪጠግብ አስሞልተውታል። ምዕራፍ ሦስት ከሁለት መቶ አሥራ አራት መንዙማና ከሦስት የሠርግ ቪዲዮ ሥር ተገኘ፤ ደህና ነበር። ፈይሩዝ የእሳቸውንም ስም በምስጋናው ገጽ መዝግባ፣ ምሳ ብሉ የሚለውን ልመና አልፈን ወደ ወልድያ ሚኒባስ ያዝን።

መንገድ ላይ ልጅቷ የፈራችው ዓሪፍን ነው፤ እኔም ፈርቼላት ነበር። ዓሪፍ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ፖስታውን ከመቀመጫው ሥር አወጣ።

«ፈይሩዜ፣ ሰው ሁሉ ይጥላታል ሲል ሰምቼ ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ» አለ። «ስልኬ ላይ ገለበጥኳት፣ ቴሌግራም ላይ አስቀመጥኳት፣ ጓደኛዬም ኮምፒውተሩ ላይ ይዞልኛል። ይቺ ብትጠፋ እንኳ ችግር የለም።»

ፈይሩዝ በሰባት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔ ግን ኃላፊነት አለብኝ። አንድን ምዕራፍ ያለ ፈቃድ አራት ቦታ ማባዛቱን መዘገብኩ፤ መርሳ ስንመለስም ኮሚቴው ለዓሪፍ የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ማስጠንቀቂያውን በሌለበት ነው የሰጠነው፤ ሥራ ላይ ነበር።

ምዕራፍ አራት ብቻ ቀረ። እሱ ደግሞ ከሁሉም በሚታመን እጅ ላይ ነበር፤ ኩራቴን አልደብቅም። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከግራና የተመለሱትን አያ አቡበከርን ጨምሮ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ፋይሉን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ርዕስ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ማሰሪያውን ቀስ ብዬ ፈታሁ። አንደኛው ቅጠል የርክክብ ቅጽ ነው፣ ሁለተኛው ቃለ ጉባኤ ነው፣ ሦስተኛው ፍላሹ ነው።

ፈይሩዝ ፍላሹን አነሣችና ወደ መስኮቱ ዞረች። በመሃሉ ብርሃን ገባ።

«ጋሽ አዳነ፣ ይቺ ቀዳዳ ምንድን ናት?»

«ማሰሪያው የሚያልፍባት ናት።»

«ማን ነው የበሳው?»

አሠራሩን አስረዳኋት። ማንኛውም ሰነድ ሳይበሳ ፋይል ውስጥ አይታሰርም፤ ያልታሰረ ሰነድ ደግሞ ይጠፋል። የወረቀት መብሻው አልቻለው ሲል ወስፌ በእሳት አግዬ፣ በማስመሪያ ለክቼ፣ ልክ መሃሉን ነው የበሳሁት፤ ወዲያም ወዲህም አላልኩም። ስንት ሺህ ሰነድ በስቻለሁ፣ አንዱም ተጎዳሁ ብሎ አያውቅም።

ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ዝም አለ። ነቅላ ደግማ ሰካችው። ናትናኤል ተጠርቶ መጣና እሱም ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው።

«ከዚህ አይወጣም» አለ። «ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ልክ መሃሉን ነው ያገኙት።»

ፈይሩዝ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። ይህችን ልጅ ስትወለድ አውቃታለሁ፤ እግር በተከለች ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ እየመጣች እኔ ቤት ምሳ ትበላ ነበር። ማፈሬን በቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፤ እዚህ ግን ጽፌዋለሁ።

ወይዘሮ ዓቢዳ ተነሡ። ሰባት ቀን ሙሉ ሐሳባቸው ለሚቀጥለው ስብሰባ ሲተላለፍ የሰነበተ ሴት ናቸው። አሁን ግን አጀንዳ አላስያዙም።

«ሦስታችሁም ውጡልኝ» አሉ።

ወጣን። ሰብሳቢው፣ አባሉና ጸሐፊው ልጅቷ ሦስት ቀን የዋለችበት በረንዳ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። በመስኮት እንዳየሁት ወይዘሮ ዓቢዳ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። ፈይሩዝ ገበሬዎቹን ስትጠይቅ በእጇ የሞላቻቸው ስልሳ አንድ መጠይቆች ናቸው። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካስገባኋቸው ምን ያደርጋሉ ብላ ልትጥላቸው ስትል እናትየው አንሥተው አስቀምጠዋቸው ኖሯል። ስለ ካርቶኑ ኮሚቴው አያውቅም ነበር፤ የተረፈውም ስለዚህ ነው። እናት አነበቡ፣ ልጅ ጻፈች። ቀኑን ሙሉ አንዴ የገበሬ ስም፣ አንዴ የዛፍ ቁጥር ሲጠራ እንሰማለን። አያ አቡበከር አንድ ጊዜ ሊገቡ ሞክረው ተመልሰዋል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ዓሪፍ በባጃጁ አድርሷት አስረከበች። አዲሱ ምዕራፍ አራት ከፊተኛው አጠር ያለ ነው፤ እንደ ፊተኛው አላማረም ትላለች። ቢሆንም ተቀብለዋታል፤ ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች። የምስጋናው ገጽ በእናቷ ስም ይጀምራል። ከዚያ አያ አቡበከር፣ ወይዘሮ ቶይባ፣ ዓሪፍ፣ ናትናኤል እያለ ይወርዳል። የሰብሳቢውና የጸሐፊው ስም የለበትም፤ ቦታ ጠቧት ይሆናል።

ሥራው በዚህ መልኩ በስኬት በመጠናቀቁ ሰብሳቢያችን ማክሰኞ ዕለት የመዝጊያ ንግግር አደረጉ። የተገኘውን ውጤት ለሌሎች ቤተሰቦች ማስፋት እንደሚገባ አሳስበው፣ ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ መዳናቸው በመቶኛ ሲሰላ ሰማንያ በመቶ መሆኑን አበሠሩ። አንዱ ምዕራፍ በምን ምክንያት እንደጠፋ የሚያጣራ ኮሚቴም በዚያው ተቋቋመ። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ማጣራቱ እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እስካሁን ፍንጭ አልተገኘም። ፍላሹ በማስረጃነት ተመዝግቦ ፋይል ውስጥ ገብቷል፤ በዚህኛው ዙር መብሳት እንኳ አላስፈለገም።